ዘጌን በአንድ ቀን፦ ገዳሙ፣ ነፋሱና የወዳጅ ቡና

ጥያቄ፦ ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር እንመጣለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የ4 ዓመት ሴት ልጃችንና አማቴ ነን። አማቴ 70 ሊሞላቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን መሳለም ግን የቆየ ምኞታቸው ነው። ቅዳሜን ሙሉ ጣና ሐይቅ ውስጥ ገባ ላለችው ለዘጌ ልሳነ ምድር ሰጥተናል። አፋፍ በምትባለው የዘጌ ከተማ የሚያስተምር የባለቤቴ የዩኒቨርሲቲ ወዳጅ አለ፤ «ሳታዩን እንዳትሄዱ» ብሎናል። ያሰብነው ሰባቱንም ገዳማት አይተን፣ ስንመለስ እግረ መንገዳችንን እነሱ ቤት አንድ ሰዓት አረፍ ማለት ነው። ይሆናል? በጀልባ ይሻላል ወይስ በመኪና? ባለቤቴ የደሴቱን ገዳም ክብራን ገብርኤልንም ማየት ይፈልጋል። ለወዳጆቻችን ምን ይዘን እንሂድ? ልጆቹስ ታንኳ ላይ መሳፈር ይችላሉ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ እንኳን ወደ ጣና በደህና መጣችሁ! ይህን ካልኩ በኋላ ዕቅዳችሁን ላፈርሰው ነው፤ አትቀየሚኝ። ባሕር ዳር ላይ በአስጎብኚነት የሚሠራ ሰው ይህን ዓይነት ዕቅድ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ወረቀት ላይ ያምራል። ሐይቁ ላይ ሲደርስ ይበላሻል።

ጣጣው ያለው «እግረ መንገዳችንን አንድ ሰዓት» የምትለዋ ላይ ነው። ዘጌ ሰው ቤት ገብቶ በአንድ ሰዓት የሚወጣ የለም። ቡናው ብቻውን ከአንድ ሰዓት ይበልጣል፤ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል። አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። በረካ ሳይጠጣ የተነሳን እንግዳ ፊት ለፊት የሚወቅስ የለም፤ ቅሬታው ግን ይቀራል። ከቡናው በፊት ምሳ አለ። ከምሳው በፊት ደግሞ «ልጆቹ እንዴት አደጉ! እናታችን፣ ጤናዎ እንዴት ነው? መንገዱስ?» አለ። ባለቤትሽና ወዳጁ የስንት ዓመት ጨዋታቸውን በ60 ደቂቃ ይጨርሳሉ ብለሽ አትጠብቂ።

ስለዚህ ዕቅዱን ገልብጡት። የወዳጃችሁ ቤት የቀኑ መሐል ይሁን። ገዳም በጠዋት እዩ፤ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ሌላው ይቅር። የዘጌ ታሪክ ግማሹ ያለው ሰው ቤት ውስጥ ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ነፋሱን ላስረዳ፤ ሰዓታችሁን የሚቆርጠው እሱ ነውና። ጣና ሰፊ ነው። እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ቢልም ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን ለስፋቱ አይመጥንም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ጠዋት ውኃው ዝም ብሎ ይተኛል። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ከሐይቁ ላይ ቀዝቀዝ ያለው አየር ወደ የብሱ ይነፍሳል። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ተከታታይ ይሆናል። ጀልባዋ ትዘላለች፤ ውኃው ከጎን እየተረጨ ይገባል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ባለጀልባዎቹ ውኃውን አብጠርጥረው ያውቁታል። ግን ምሳ በልታ የተሳፈረች የ4 ዓመት ልጅ ታስመልሳለች፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትም በየዝላዩ ይሰቃያሉ። ሰባት ገዳም አይተው፣ ወዳጅ ቤት ገብተው፣ አሥር ሰዓት ላይ ጀልባ የሚሳፈሩ ሰዎች መጨረሻቸው ይኸው ነው።

ጀልባ ወይስ መኪና ላልሽው፣ የእኔ ምርጫ ሲሄዱ ጀልባ፣ ሲመለሱ መኪና ነው። ከባሕር ዳር ወደብ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መኪናው በየብስ ዞሮ አፋፍ ላይ ይጠብቃችሁ። ያኔ በረካውንም አዩኝ አላዩኝ ሳትሉ ትጠጣላችሁ፤ ነፋሱ ቢነሳ ባይነሳ ግድ የላችሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ያለንበት ጊዜ የታወቀ ነው። መንገድ አንድ ሰሞን ሰላም ይሆናል፣ አንድ ሰሞን ሰው ይፈራዋል። በዚህ ጉዳይ ከእኔም ከሆቴላችሁም ይልቅ እዚያው የሚኖረውን ወዳጃችሁን እመኑ። ዓርብ ማታ ደውሉለት። «በመኪና አትምጡ» ካለ ነገሩን አትከራከሩት፤ በጀልባ ሄዳችሁ በጀልባ ተመለሱ። «ጭራሽ ይቅርባችሁ» ካለም ይቅር፤ ዘጌ የትም አይሄድም። በጀልባ የምትመለሱ ከሆነ ግን ምሳው ቀደም እንዲል አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ከ7 ሰዓት በፊት አፋፍ ወደብ ላይ መገኘት አለባችሁ። ያኔ ገዳሙ አንድ ብቻ ይሆናል። ከቡናውና ከሁለተኛው ገዳም አንዱን ምረጡ ብትባሉ እኔ ቡናውን ነው የምለው።

ጀልባ ስትከራዩ ዋጋው ለጀልባው ይሁን ለሰው፣ መጠበቂያውን ይጨምር አይጨምር በግልጽ ተነጋገሩ። መድረሻዎቹን ስም በስም ጥሩ፦ ኡራ፣ አዝዋ ማርያም፣ አፋፍ። «ዘጌ» ብቻ ብላችሁ ከተስማማችሁ ኡራ አውርዷችሁ «አፋፍ ሌላ ሒሳብ ነው» ሊል ይችላል፤ እውነቱንም ነው። ከሁሉ በላይ ላይፍ ጃኬቱን ቀድማችሁ እዩ። ለአዋቂ የተሠራው ለልጅቷ አይሆናትም፤ ከራሷ ላይ ይወጣል። የልጅ ልክ ያለው ባለጀልባ ፈልጉ። ለነዳጅ ቀብድ ቢጠይቅ ነውር አይደለም፤ ሙሉውን ግን ስትጨርሱ ክፈሉ።

አሁን ወደ ኡራ። ሰባቱንም ይቅር ስል ሰነፍ አስጎብኚ መስዬሽ ይሆናል። የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ለሚያጠናቸው ሰው ሳምንትም አይበቃም። ልጅ ይዞ ለመጣ ሰው ግን ከሁለተኛው በኋላ ሁሉም አንድ ይሆንበታል፤ ማታ ትዝ የሚለው ጫማ ማውለቅና ማጥለቁ ነው። አማትሽ ኪዳነ ምሕረትን ብለው ከመጡ ነገሩ ቀላል ነው። እግራቸው ሳይደክም፣ ፀሐዩም ሳይበረታ ቀጥታ ወደዚያ።

ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በቡና ጫካ ውስጥ የሚወጣ የእግር መንገድ ነው። ሩቅ አይደለም፤ ግን ዳገት አለው፣ ድንጋይና ሥርም ይበዛበታል። አማትሽ ከዘራ ይያዙ፣ አንድ ሰው ክንዳቸውን ይደግፍ፣ ማንም አያቻኩላቸው። ግራና ቀኙን መስቀል፣ በብራና የተሣለ ሥዕልና ትንንሽ ታንኳ የሚሸጡ መደብሮች አሉ። መደብሩን ለመመለሻ ተዉት። ጦጣዎች አሉ፤ ልጅቷ ሙዝ ይዛ እንዳትወርድ።

ቅዳሜን መምረጣችሁ በጀ። ቅዳሴው በጠዋት ስለሆነ ስትደርሱ ሊያልቅ ይችላል። ካላለቀ ጠብቁ፤ ለጎብኚ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። አማትሽ እንደሆነ መጠበቁን ይወዱታል። መግቢያውን ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ከዘጌ ልጆች አንዱን አስጎብኚ ያዙ። ነጠላ አትርሺ፤ ጫማ ደጅ ይቀራልና ለልጆቹ ወፍራም ካልሲ ያዢ። ወንዶች በሰሜን በር፣ ሴቶች በደቡብ በር መግባት የቆየ ሥርዓት ነው፤ ካህኑ የሚነግሯችሁን ተከተሉ። ፎቶ ከፈቀዱ ያለ ፍላሽ።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ብሎ ይሄዳል። ሥዕሉ ያለው የመቅደሱን አራት ግድግዳ ከውጭ በኩል ሸፍኖ ነው። ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። መጋረጃ ካለ አስጎብኚው በዘንግ ገለጥ ያደርገዋል፤ ልጆች ይህቺን ቅጽበት ይወዷታል። ገዳሙ በትውፊት የ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ መሥራቹም አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይባላል።

ወንዱን ልጅ በላዔ ሰብእ ሥዕል ፊት አቁሙት። ታሪኩን ከአስጎብኚው ይልቅ አያቱ ይንገሩት። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን በውኃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም መንገድ ላይ ያገኛል። ለምጻሙ በእግዚአብሔር ስም ይለምነዋል፤ እንቢ። በጻድቃን በሰማዕታት ስም ይለምነዋል፤ እንቢ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጊዜ አንድ ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። ከሞተ በኋላ ነፍሱ ሚዛን ላይ ትወጣለች። በአንዱ ወገን የተበሉት ነፍሳት፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውኃ። እመቤታችን ጥላዋን ውኃው ላይ ስታሳርፍ ሚዛኑ ወደዚያ ያጋድላል። የኪዳነ ምሕረት በዓል የካቲት 16 ሲከበር የሚተረከው ይኸው ነው። ብዙ ልጆች እዚህ ሥዕል ፊት «ይኼማ ፍትሐዊ አይደለም» ብለው ይከራከራሉ። ተዉት ይከራከር፤ አያቱ መልስ አያጡም።

ከዚያ ጨዋታ ስጡት። ክፉዎቹን ይፈልግ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋጎቹ ሙሉ ፊታቸው ይታያል፣ በሁለት ዓይን ያያሉ። ክፉዎቹ በጎን ነው የሚሣሉት፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን የነገርሽው ልጅ ከቤተ ክርስቲያኑ አይወጣም፤ ጎትታችሁ ታወጡታላችሁ።

ዕቃ ቤቱን ፈጠን ብላችሁ እዩት። ዘውድ፣ የካህናት ልብስ፣ መስቀል፣ የብራና መጻሕፍት አሉ፤ ለትልቅ ሰው ድንቅ ነው፣ ለ4 ዓመት ልጅ ግን መስታወት ነው። ጣና ገዳማት ግቢ ውስጥ እንደ ደወል የሚያገለግሉ የተንጠለጠሉ ድንጋዮች ካያችሁ፣ ሳይፈቀድላቸው እንዳይመቱ ልጆቹን ያዙ፤ ደወል ሰው መጥሪያ ነውና።

አዝዋ ማርያም ወደ ውኃው ቀረብ ያለች ናት። ሲወርዱ ልጆቹ ካልደከሙ ግቡ። ከደከሙ ከደጅ ተሳልማችሁ እለፉ። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባችሁ ወደ አፋፍ ይዙር። ከኡራ በጫካው ውስጥ አፋፍ የሚያደርስ የእግር መንገድ አለ፤ ሁለት ጎልማሳ ብቻ ብትሆኑ ኖሮ በእግራችሁ ሂዱ እላችሁ ነበር። በዚህ ቤተሰብ ግን አይሞከርም።

ክብራን ገብርኤልን በተመለከተ ባለቤትሽ ይቅር ይበለኝ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ዘዮሐንስ የተመሠረተ፣ በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ገዳም ነው፤ ቢያየው አይቆጭም። ግን ሴት አይገባበትም። እሱና ልጁ ሲወጡ አንቺ፣ አማትሽና ልጅቷ ፀሐይ ላይ ጀልባ ውስጥ ልትጠብቁ ነው። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ የመነኮሳይያት ነው፤ እዚያ ሴት ይገባል፤ ቢሆንም አንድ ሰዓት ይወስዳል። ያ ሰዓት ደግሞ ከወዳጁ ምሳ ላይ የሚቆረጥ ነው። ታሪክ ከጠማው እሑድ ጠዋት ከተማው ውስጥ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ይሂድ። በግቢው ውስጥ ፔድሮ ፓኤዝ ሠራው የሚባል የድሮ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ወደ አገራችን የገባ፣ በ1618 የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ነው። በእግር የሚደረስ፣ በነጻነት የሚታይ፣ ሴትም ወንድም የሚገባበት ነው። ጉማሬ ማየትም ካማራችሁ ባለጀልባው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ልውሰዳችሁ ማለቱ አይቀርም። ቅዳሜ አይሁን፤ አቅጣጫውም ሌላ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው። ወዳጃችሁ ቤት የምትገቡት 5 ሰዓት ገደማ ነው። ከመግባታችሁ በፊት የት እንደገባችሁ ልጆቹ ይወቁ።

ዘጌ በሬ የማይጠመድበት አገር ነው። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም «ሳታርሱ ትኖራላችሁ» የሚል ቃል ኪዳን ተቀብለዋል፤ ቡናውና ጌሾውም የእሳቸው በረከት ነው ይባላል። ሰውም ቃሉን ጠብቆ ኖሯል። ማረሻ የለም፣ ከብት አይረባም። ጫካው ሳይመነጠር የቀረው ለዚህ ነው። ጣና ዙሪያውን ብታዩት አብዛኛው ታርሶ የተራቆተ ነው፤ ዘጌ ላይ ስትደርሱ ግን ዛፉ ውኃው አፍ ድረስ ይወርዳል። ቡናው የሚያድገው በነዚያ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ፣ የዘጌ ሰው ጫካውን በገዛ ሥርዓቱ ጠብቆ ዘመናት አሳልፎ ነበር።

አላረሰም ማለት ግን ድኻ ነበር ማለት አይደለም። የዘጌ ቡና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጎንደርና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሄድ ንግድ ነበረው። እህሉ በበኩሉ ከውጭ ይመጣል። ዛሬ ወዳጃችሁ ቤት የምትበሉት እንጀራ ጤፉ ሌላ ቦታ የበቀለ ነው፤ ቡናው ግን ከጓሮ ነው። ይህን ማንም መጽሐፍ እንደዚያ ቤት አያስረዳም። ልጃችሁ የ9 ዓመት ልጅ ነው፤ የቤቱን ባለቤት «ቡናውን ከዛፉ ጀምረህ አሳየው» በሉት። ዛፉን ይያዝ። ቀይ ፍሬ ካገኘ ይቅመሰው፤ ይጣፍጣል። ደጅ ላይ የተሰጣውን ቡና በእጁ ያገላብጥ፤ ደረቁን ጀንፈል በጥርሱ ይስበር። ከዚያ ሲቆላ ጭሱን ያሽትት። አዲስ አበባ ላይ ቡና ማለት ለእሱ በላስቲክ የታሸገ ዱቄት ነው።

ምን ይዘን እንሂድ ላልሽው መልሴ ቡና አትያዙ ነው! የሚስቅ ይኖራል፣ ግን ከአዲስ አበባ የታሸገ ቡና ይዞ ዘጌ የሚገባ እንግዳ አይቻለሁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ተረት ሲገለበጥ ይኼ ነው። ስኳር ጥሩ ነው፤ ለቡናው ይሆናል። ከባሕር ዳር ትኩስ ዳቦ ያዙ። ለልጆቻቸው የተረት መጽሐፍና ባለቀለም እርሳስ፤ የመምህር ልጆች ናቸውና ይወዱታል። በቤቱ ትልቅ እናት ካሉ ሻሽ ወይም ነጠላ ብትጨምሩ ምርቃቱ እስከ አዲስ አበባ ይከተላችኋል። ስጦታውን ለቤቱ እመቤት ገና ስትገቡ በፌስታሉ ስጧት፤ እየፈታችሁ «ይሄ የአንተ፣ ይሄ የአንቺ» ብላችሁ አታከፋፍሉ። መንገድ ላይ ለሚከተሏችሁ ልጆች ከረሜላና ብር አታድሉ፤ ወዳጃችሁ ነገ ክፍል ውስጥ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

ሐሙስ ወይም ዓርብ ስትደውሉ «ምንም አታዘጋጁ» አትበሉ። ማዘጋጀታቸው አይቀርም፤ ትርፉ ስንት ሰው እንደምትመጡና መቼ እንደምትደርሱ ሳያውቁ መጨነቅ ነው። «አምስት ነን፣ 5 ሰዓት እንደርሳለን፣ ትንሿ በርበሬ አትችልም» በሉ። ይህ ይበቃል። አልጫ ይሠራላታል። ዓሣ ከቀረበ ለልጆቹ ቀረሶ ይሁን፤ አጥንቱ ትልልቅ ስለሆነ ይለቀማል። ነጭ ዓሣ የሚሉት ግን በሥጋው መሐል ቀጫጭን አጥንት የበዛበት ነው፤ ለልጅ አይሆንም።

ልጆቹን ትንሽ አለማምዷቸው። ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሱ። አማትሽ ሲገቡ ቤቱ ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «በእግዜር!» ይላሉ። የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ሲያይ ማን መጣ ብሎ ይደነግጣል። «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» እየተባለ ጉርሻ ይመጣል። ትንሿ እንቢ ካለች አትቆጧት፤ አንቺ ጉረሺላት፣ ነገሩ በሳቅ ያልፋል። ቡናው ላይ ጤና አዳም ጣል ይደረግበት ይሆናል። እሱን የማትወዱ ከሆነ ከመቀዳቱ በፊት ተናገሩ፤ ከተቀዳ በኋላ ግን ጠጡ።

ባለቤትሽና ወዳጁ መቀመጥ ከሰለቻቸው ወንዱን ልጅ ይዘው ወደ ቤተ ማርያም ብቅ ይበሉ፤ ከኡራ ይልቅ ለአፋፍ የምትቀርበው እሷ ናት። ያኔ ሦስተኛ ገዳም አየን ማለት ነው፤ የሚያሳያቸው ደግሞ አገሬው። አንቺና አማትሽ ከቤቱ እመቤት ጋር ቡናው ጋ ቅሩ። እውነተኛው ወሬ ያለው እዚያ ነው፤ ቡናው ዘንድሮ እንዴት ሰጠ፣ ማን ዳረ፣ ኑሮው እንዴት ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ውኃ ዳር ሄደው እግራቸውን መንከር ያምራቸዋል። አይሆንም። ጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚያድገው ዳር ዳሩን በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወደ ውኃው ይወጣና በቆዳ በኩል ሰው ውስጥ ይገባል። የአገሬው ልጆች ሲዋኙ አይታችሁ «እነሱ ምን ሆኑ?» አትበሉ፤ ብዙዎቹ የሚታመሙት በዚሁ ነው። ጀልባ ላይ የሚረጨው ጠብታ ያን ያህል አያሳስብም፤ አደርቁት። ማታ ባሕር ዳር ስታድሩ ደግሞ አጎበር አትናቁ፤ ወባ አለ።

የታንኳው ነገር ቀረ። ልጆቹን አታሳፍሩ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ሠሪዎቹም በዋናነት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ደንገሉ ውኃ ስለሚመጥ ተሳፋሪው ከታች መራሱ አይቀርም፤ ጠርዝ የለው፣ መያዣ የለው። ከሥራ በኋላ ተጎትቶ ወጥቶ ካልደረቀ እየከበደ ይሄዳል፤ ዕድሜውም በወራት የሚቆጠር ነው። ለለመደው ሰው ግን አስተማማኝ ነው፤ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጣውን ታንኳ ጠዋት በጀልባ ስትሄዱ ታገኙት ይሆናል። እንጨቱ ከቀዛፊው ራስ በላይ ተከምሮ ውኃውን ሊነካ ሲቃረብ ልጃችሁ ራሱ «አልሳፈርም» ይላል። ቀዛፊውን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት በእጅ ምልክት ጠይቁ።

ትንሿን የመደብር ታንኳ ግን ግዙለት። ከኡራ ስትወርዱ እንጂ ስትወጡ አትግዙ፤ ከገዛችሁ ዳገቱን የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ዋጋ ተከራከሩ፤ የመጀመሪያው ጥሪ ሁልጊዜም ሰፋ ያለ ነው። ከተስማማችሁ በኋላ ግን ሻንጣ ውስጥ እንዳትሰበር በደረቅ ቅጠል እንዲጠቀልሉላችሁ ጠይቁ።